ያገባች አትጠቀልልም

በሞጣ ሴት ሁሉ ፈታይ ነበረች፤ እኔ ግን ድር ፈታይ ነበርኩ። ልዩነቱን የማያውቅ ሰው ሲያጋጥመኝ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ማግ ማንም ይፈትላል፤ ወፈረም ቀጠነም በሸማው አግድም ገብቶ ይጠፋል። ድር ግን በቁመቱ ተወጥሮ የሸማኔውን ድብደባ ሁሉ የሚችል ነው፤ ቀጭንም ጠንካራም መሆን አለበት። እንደኔ አድርገው ድር የሚፈትሉ በገበያው ውስጥ ከአምስት አይበልጡም ነበር። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። እሺ፣ ለመኩራራትም ነው።

ኸይራት እባላለሁ። አባቴ እናቴን ፈትቶ ሲሄድ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ራዲያ ከዚያ ቤት ይዛ የወጣችው እኔንና እንዝርቷን ነው። ከዚያ በኋላ የበላነውም የለበስነውም ከዚያች እንዝርት የወጣ ነው። ስለዚህ እናቴ ስለ ባል ስታወራ ቃሏ አጭር ነበር።

«አግቢ» ትለኛለች፤ «ሥራሽን ግን ለማንም ብለሽ አትተዪ።»

ሐምዱን ያገኘሁት በገበያ ቀን ነው። ሸማኔዎች ድር ከመግዛታቸው በፊት የሚያደርጉት ነገር አለ፤ ከልቃቂቱ አንድ ክንድ ያህል ይስቡና ሁለቱን ጫፍ ይዘው ድንገት ይነጥቁታል። ከተበጠሰ ትተው ይሄዳሉ። አንድ ረዥም፣ ጠይም፣ እጁ ከፊቱ በላይ የሚያምር ወጣት ፊቴ ቁጢጥ ብሎ ልቃቂቴን አነሣ።

«ካልተበጠሰልህ ትገዛለህ?» አልኩት።

«ካልተበጠሰ ሁሉንም እገዛለሁ።»

ነጠቀው። አልተበጠሰም። በድጋሚ ነጠቀው። ክሩ ጣቱን ቆርጦት ቀጭን ደም ወጣ። እኔ ሳቅኩ። እሱ ጣቱን ሳያይ እኔን አየኝ።

«ማነው የፈተለው?»

«ማን ይመስልሃል? አጠገቤ ሌላ ሰው አለ?»

«እናትሽ መስላኝ ነው። የልጅ እጅ እንዲህ አያከርም።»

«የእናቴ ዓይን ደክሟል፤ አሁን የምትፈትለው ማግ ነው። በል ግዛ፣ ሁሉንም ብለሃል።»

ሁሉንም ገዛ። ከዚያ በኋላ በየገበያው መጀመሪያ የሚመጣው እኔ ዘንድ ሆነ። ክር መንጠቁን ትቶ ነበር። ሲናገር ዝግ ያለ ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰዶ ከመወርወሪያ ጋር የሚውል ሰው ሌላ ምን ይሆናል። ዝም ብሎ ያየኝና እኔ ቀና ስል ወደ ልቃቂቱ ያጎነብሳል። እኔም እንዳላየ ሰው ሆኜ ልቃቂቶቼን እቆጥራለሁ፤ ሁልጊዜም ቆጠራው ይሳሳትብኛል።

«ኸይራት» አለኝ አንድ ቀን፤ «የለበስሽው ነጠላ ድሩ ያንቺ አይደለም።»

«በምን አወቅህ?»

«ያንቺ ቢሆን ትከሻው ላይ እንዲህ አይላላም።»

«የራሴን ድር ራሴ ልልበሰው ካልኩ ማን ያበላኛል?»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከኔ በገዛው ድር የሸመነውን ነጠላ አምጥቶ ጭኔ ላይ ጣል አድርጎ ሄደ። እናቴ ማታ ጠርዙን በጣቷ ስትዳብስ ቆይታ «ይሄ ልጅ ሽማግሌ ሳይልክ አይቀርም» አለች። እኔም ሽማግሌዎቹን መጠበቅ ጀመርኩ።

ከሽማግሌዎቹ በፊት ግን አዋጁ መጣ።

የፋብሪካ ድር ድሮም ነበር። ነገር ግን ወደኛ አገር የሚያስገባው ፈቃድ ያለው አንድ ነጋዴ ብቻ ስለነበረና በየኬላው ቀረጥ ስለሚከፍል፣ ዋጋው አይቀመስም ነበር። በሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ በገበያው መሀል ነጋሪት ተመታ። ኬላው ተነሥቷል፣ ድር መነገድ ለፈለገ ሁሉ ተፈቅዷል ተባለ። ነጋዴዎች ደስ አላቸው። ሸማኔዎችም ደስ አላቸው። እኛን የጠየቀን የለም። ሴት ቤቷ ተቀምጣ የምትሠራውን ነገር ሥራ ብሎ የሚጠራው ማን ነበር?

ቀድመው ፈቃድ ካወጡት ነጋዴዎች አንዱ ሐጂ ሙሐመድ ናቸው፤ ወላጆቹ የሞቱበትን ሐምዱን ከልጅነቱ ጀምሮ ያሳደጉት አጎቱ። ከደጀን የሚመጣው ጭነት መኪና በክረምት ጭቃውን ፈርቶ ከቢቸና ስለማያልፍ፣ የድር መጋዘናቸውን ቢቸና ላይ ከፈቱ። ሐምዱን ከሸማው ጉድጓድ አውጥተው የመጋዘኑ ኃላፊ አደረጉት። እሱም በየሁለት ሳምንቱ የፋብሪካ ድር በአህያ አስጭኖ ወደ ሞጣ ይመጣ ጀመር።

በስድስት ወር ውስጥ የድር ፈታዮች ረድፍ ባዶ ሆነ። አንዷ ጠላ መጥመቅ ጀመረች። ሌላዋ ደጀን ሄዳ ለሾፌሮች አልጋ አንጣፊ ሆነች። ሸማኔዎች በፊታችን ሲያልፉ ከኛ ጋር ላለመተያየት አንገታቸውን ያዞሩ ነበር፤ ትናንት ልቃቂታችንን እየሳሙ የሚገዙን ሰዎች ናቸው። የኔ ድር ግን ይሸጥ ነበር። ሐምዱ አንድም ሳያስቀር ይገዛኛል።

«የፋብሪካው ለተራ ልብስ ነው» ይለኛል። «ጥሩ ሸማ የሚፈልጉ ሰዎች አሁንም ያንቺን ይላሉ።»

አመንኩት። ለምን አላምነው? እውነት እንዲሆን የምመኘውን ነገር ነው የነገረኝ። አመንኩት ብቻ ሳይሆን ሰበክሁለት። ጎረቤቴ ፋንታነሽ፣ እሷም እንደኔ ድር ፈታይ፣ ቢቸና ወርዳ ሐጂ ሙሐመድ ዘንድ ልቀጠር ስትል አስቀረኋት።

«ጥሩ ድር ገዢ አላጣም። እኔን አታይም?» አልኳት።

እኔን አይታ ክረምቱን ሙሉ ፈተለች። መስቀል ካለፈ በኋላ ገበያ ይዛው ብትወጣ አንድ ልቃቂት የሚያነሣላት ጠፋ። ሐምዱን ለመንኩላት፤ ፊቱ ተለዋወጠና ገንዘብ አልያዝኩም አለ። ፋንታነሽ የቀራትን አንዲት በግ ሸጣ ወደ ቢቸና ለመሄድ ተነሣች። አፍሬ ስለነበር አብሬያት ሄድኩ። ደግሞም፣ አልዋሽም፣ ሐምዱን በሥራው ቦታ ለማየት ቸኩዬ ነበር።

ቢቸና ስንደርስ ሐምዱ ወጣ ብሎ አልነበረም። ፋንታነሽ ከዘበኛው ጋር ስትነጋገር እኔ መጋዘኑን ልይ ብዬ ገባሁ። የፋብሪካው ድር እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፤ ነጭ፣ እኩል፣ አንዱ ካንዱ የማይለይ። ከበስተኋላው ጥግ ላይ ግን ሦስት ጆንያ አየሁ። የልቃቂቶቼን ጫፍ በሰማያዊ ክር የማስረው እኔ ብቻ ነኝ። ጆንያውን ስፈታ ሰማያዊ ክር ብቻ ሆነብኝ። የዓመት ሥራዬ ነበር። የታችኛውን ልቃቂት ሳነሣ አይጥ ወልዳበታለች፤ ፀጉር ያላወጡ አምስት ልጆች በድሬ ላይ ተኝተዋል።

ሐምዱ በሩ ላይ ቆሞ አገኘኝ።

«ኸይራት…»

«አንድ እንኳ ተሸምኗል?»

ዓይኑን ወደ ጆንያዎቹ አዞረ።

«ጠየቅኩህ። ካንዱ ልቃቂት እንኳ የተሠራ ልብስ አለ?»

«የለም።»

«ለምን ገዛኸው ታዲያ?»

«ስለምወድሽ ነው።»

ይህን ቃል ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብቄዋለሁ። በዚያች ሰዓት ግን በጥፊ የመታኝ ያህል ነው የተሰማኝ።

«እኔ ደጅህ ቆሜ ለምኜሃለሁ?» አልኩት። «ለማኝ ብሆን እኮ አውቀው ነበር። አንተ ግን ሠራተኛ ነሽ እያልክ መጸወትከኝ። በዚህ ምጽዋት ተኩራርቼ ፋንታነሽን አስቀረኋት። ክረምቱን ሙሉ በከንቱ ፈተለች፤ በጓን ሸጠች። የሷን ለምን አልገዛህላትም?»

«ገንዘቤ ላንቺ ብቻ ነበር የሚበቃው።» ድምፁ አይሰማም ነበር። «ሥራሽ አልቋል ብዬ መናገር አቃተኝ። በየገበያው ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ። ሳይሽ ይጠፋብኛል።»

ብዙ ክፉ ነገር ልናገረው ፈልጌ ነበር። አልቻልኩም፤ ዓይኑ ላይ እንባ ነበር። እኔም እሱ ፊት ላለማልቀስ ወጥቼ ሄድኩ።

በማግስቱ ከፋንታነሽ ጋር ተቀጠርኩ። ወደ ሞጣ ተመልሼ ማንም የማይፈልገውን ድር ብፈትል ለእናቴ ምን ልልክላት ነው? የሚገርመው፣ የቀጠረን ያው ሥራችንን የቀማን ድር ነው። ከፋብሪካው በእስር በእስር ይመጣል፤ እኛ እሱን በዱቄት ሙቅ እንነክርና አድርቀን ቀሰም በምንለው ቁራጭ ሸምበቆ ላይ ለሸማኔ እንጠቀልላለን። ለዚህ ጥበብ አያስፈልግም። እጅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

አሥራ ሁለት ሴቶች በአንድ ጠባብ ቤት ውስጥ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘን እንቀመጣለን። የድሩ ብናኝ አየሩን ሞልቶት ከሰዓት በኋላ አንዳችን የሌላዋን ፊት በጭጋግ ውስጥ እንዳለ ሰው ነው የምናየው። ሁላችንም እንስላለን። ድር እንዳይሰረቅ እየተባለ በሩ ከውጭ ይቆለፋል፤ ለዙሁር ሶላትና ለምሳ ብቻ ይከፈታል። ቁልፉ በሐምዱ እጅ ነው። ሲከፍት አያየኝም፤ እኔም አላየውም። በስርቆት እንዴት እንደምንተያይ የምታውቀው ፋንታነሽ ብቻ ናት።

የሁሉ የበላይ ግን አንድ ሕግ ነበር። ያገባች አትጠቀልልም። ባል ያላት ሴት ታረግዛለች፣ ትቀራለች፣ ባሏ መጥቶ ደጅ ላይ ይጣላል ይላሉ ሐጂ ሙሐመድ። ስትቀጠሪ አላገባሁም ብለሽ ትምያለሽ፤ ያገባሽ ቀን ትወጫለሽ።

«ያስገደድኩት ሰው የለም» ይሉ ነበር ጢማቸውን እያሻሹ። «ዘመኑ የነፃነት ነው። የፈለገ ይሠራል፣ ያልፈለገ ይሄዳል።»

ነፃ የወጣው ድሩ ነበር። እኛማ ተቆልፎብናል።

ፋንታነሽ ባል ነበራት፤ በደጀን መንገድ ላይ ድንጋይ የሚፈልጥ ቢሆነኝ የሚባል ሰው። እሁድ እሁድ ሲመጣ ለሴቶቹ ወንድሜ ነው ትላቸዋለች። እኔና እሷ በተከራየናት ክፍል ውስጥ «ወንድምሽ መጣ» ስላት መሬት ላይ እስክትወድቅ ትስቃለች። ከዚያ ሳቋ መሀል ላይ ይቆማል።

ጥር ላይ ጥሩአየሁ የምትባል ልጅ ማግባቷ ተሰማ። ሐጂ ሙሐመድ ሰው በፊታቸው ማስከፋት ስለማይወዱ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያስነግሩት በሐምዱ ነው። ሐምዱ ገብቶ መሀል ላይ ቆመ።

«ጥሩአየሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ አትመጪም» አላት መሬት መሬት እያየ።

ጥሩአየሁ የጀመረችውን ቀሰም እስከ መጨረሻው ጠቅልላ አስቀመጠችና ነጠላዋን አራግፋ ወጣች። ሁላችንም አቀርቅረን ነበር። ሐምዱ ሊወጣ ሲል እኔ ተናገርኩ። ሦስት ወር ሙሉ ያላወራሁት ሰው ነው።

«ሐምዱ፣ ነገ እኔን ብታገባኝ፣ ለኔም እንደዚህ ትለኛለህ?»

ቤቱ ውስጥ የሚስል እንኳ ጠፋ። ሐምዱ በሩን ይዞ ቆሞ አየኝ። በሩን ቆለፈና ሄደ።

ሳምንት አለፈ። ሳልተኛ ያለፈ ሳምንት ነው። መልሱን ባልሰማው ይሻላል ብዬ የተመኘሁበት ሰዓት አለ፤ ባልጠየቅኩት ኖሮ ብዬ ግን አላውቅም። በስምንተኛው ቀን፣ ከሥራ ስንወጣ ደጁ ላይ ጠበቀኝ። ፋንታነሽ ጫማዋ የተፈታባት መስላ ወደ ኋላ ቀረች፤ ጫማ አላደረገችም ነበር።

«መልስ አለኝ» አለ።

«ዘገየህ።»

«አስቤበት ነው። አልልሽም። ከኔ አፍ አይወጣም።»

«ታዲያ ማን ይለኛል?»

«አጎቴ ሌላ ሰው ይፈልጉ። እንደዚያ ከሆነ እኔም እዚያ ቤት ሥራ የለኝም።» እጁን አሻሸ። «በድሩ ነገር በደልኩሽ። ሥራሽን እወደው ነበር፤ ግን እንደ ሕፃን ቆጥሬ እውነቱን ደበቅኩሽ። ከእንግዲህ ክፉም ቢሆን እነግርሻለሁ።»

«ለምሳሌ?»

«ለምሳሌ ይሄ ሳል እየባሰብሽ ነው።»

«እሱን ማንም ያውቀዋል።»

«እኔ ሌሊት ሌሊት አስበዋለሁ።»

ምን ልበለው? ንዴቴ አልወጣልኝም ነበር፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም። ነገር ግን ያ ዝግ ያለ ሰው ቃሉን አንድ በአንድ ፈልጎ ሲያወጣ ልቤ ወደሱ ሄደ፤ ልመልሰው አልሞከርኩም።

«ሽማግሌ ላክ» አልኩት። «ግን ልንገርህ፤ ሥራዬን አልተውም። በኋላ አልሰማሁም እንዳትል።»

ሽማግሌዎቹ ሞጣ ሄዱ። እናቴ የጠየቀቻቸው አንድ ነገር ነው፤ ልጄ ትሠራለች ወይ? ሽማግሌዎቹ ተያይተው ሳቁ። አብረው የሄዱት ሐጂ ሙሐመድም ሳቁ። እሳቸው ከምንም በላይ የተደሰቱት በዚህ ነው፤ የወንድማቸው ልጅ አግብቶላቸው እኔም በዚያው ሥራውን እተዋለሁ።

«ምራቴ ከዛሬ ጀምራ ዐረፈች» አሉ ለሽማግሌዎቹ። እናቴ መልስ ሳታገኝ ቀረች። እኔ ግን መልሱን አውቀው ነበር።

ኒካሁ በሞጣ ታሰረ። እጄን እስከ አንጓዬ ሂና ቀቡኝ። በኛ ዘንድ የታወቀ ወግ አለ፤ ሙሽራ አርባ ቀን እስኪሞላት አማቷ ፊቷን አያይም፣ ባለችበት ቤት አይገባም፣ በስሟም አይጠራትም። አርባው ሲሞላ ስጦታ ሰጥቶ ስሟን ይጠራል፤ ያን ጊዜ መነጋገር ይቻላል። ሐጂ ሙሐመድ ሐምዱን እንደ አባት ስላሳደጉ አማቴ እሳቸው ናቸው። ወጉን ደግሞ በቢቸና እንደሳቸው የሚያጠብቅ ሰው አልነበረም።

ወደ ቢቸና ተመልሰን አንዲት ክፍል ተከራየን። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተነሥቼ ነጠላዬን ለበስኩ። ሐምዱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አየኝ።

«ዛሬ?» አለ።

«ዛሬ።»

ቁልፉን አንሥቶ አብሮኝ ወጣ። በመንገዱ ሁሉ አልተነጋገርንም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሂና የተቀባ እጄን ይዞ ለቀቀው።

ቦታዬ ላይ ተቀምጬ ቀሰሜን አነሣሁ። አሥር ሴቶች እጄን አዩ። ሂና አይደበቅም። ረፋድ ላይ ሐጂ ሙሐመድ ወሬው ደርሷቸው መጡ። ወጉ ስላለ ከደጁ ወዲያ ቆሙ፤ ድምፃቸውን ብቻ እንሰማለን።

«ሐምዱ፣ ንገራት።»

«ምን ልበላት አባባ?»

«ሕጉን አታውቀውም? ያገባ ሰው እዚህ አይሠራም።»

ሐምዱ ቃል የሰጠኝ በምሽት፣ ሁለታችን ብቻ ሆነን ነው፤ አሁን ግን ያሳደጉት ሰው ፊቱ ቆመዋል።

«እንደዚያ ከሆነ አባባ፣ እኔም አግብቻለሁ» አለ። «ያገባሁትም እንዲያውም ከሷ ጋር በአንድ ቀን ነው። እኔ ልውጣ።»

ቁልፉን ደፉ ላይ ሲያስቀምጠው ሰማነው። ከዚያ አንገቱን በበሩ አስገብቶ «ኸይራት፣ ነይ እንሂድ» አለኝ። ፊቱ በርቶ ነበር። ለኔ ሲል እንጀራውን ጥሎልኛል፤ ከዚህ የበለጠ ምን ትፈልጊያለሽ የምትሉኝ ትኖራላችሁ።

«የት?» አልኩት።

«ወደ ቤት።»

«አንተ ሂድ። እኔ ሥራ ላይ ነኝ።»

ሐምዱ አፉን ከፍቶ አየኝ። ከዚያ ገባው። ቀስ ብሎ ፈገግ አለና አንገቱን መለሰ። ምሳ ሰዓት ላይ እንጀራ በሳህን ይዞ መጣ።

ሐጂ ሙሐመድ ደጁ ላይ ተንጎራደዱ። መግባት አይችሉም። ስሜን መጥራት አይችሉም።

«ያቺን ሴት ውጪ በሏት» አሉ ለሴቶቹ።

«የትኛዋን ጌታዬ?» አለች ፋንታነሽ።

«ያቺን… አዲሷን።»

«አዲስ ሴት አልገባችም ጌታዬ። ሁላችንም የቆየን ነን።»

ሌላ ኃላፊ ቀጥረው እሱ እንዳያስወጣኝ፣ ባዕድ ወንድ ምራታቸውን ከደጃቸው አባረረ ሊባል ነው። በሩን እንዳይቆልፉ፣ ሙሽራ ላይ ተቆለፈ ሊባል ነው። ስለዚህ ሄዱ። በሩ ክፍት እንደሆነ ዋለ።

አርባው እስኪሞላ ሠራሁ። ሐምዱ ክፍላችን ጓሮ ጉድጓድ ቆፍሮ ወደ ሽመናው ተመለሰ፤ የሸማው ገበያ ቀዝቅዞ ስለነበር በዚያ ወራት ቤቱን ያቆምኩት እኔ ነኝ። ይህን ስናገር አይከፋውም። በሁለተኛው ሳምንት ጥሩአየሁ ሳትጠራ መጥታ የድሮ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች፤ ማንም አላስወጣትም። ቢሆነኝ በመጣበት እሁድ ደግሞ አንዷ ልጅ «ወንድምሽ መጣ» ስትላት ፋንታነሽ «ባሌ ነው» አለች፣ እንዲሁ፣ ውሃ አቀብዪኝ እንደማለት።

በዚያው ሰሞን ከመንገዱ ማዶ አንድ አዲስ መጋዘን ተከፈተ። ኃይለ ጊዮርጊስ የሚባል የደብረ ማርቆስ ነጋዴ ነው፤ ድር መነገድ ለሁሉም ከተፈቀደ ለሱም ተፈቅዷል። መጠቅለል የሚችሉ ሴቶች ይፈልግ ነበር። ባል አላችሁ ወይ ብሎ አይጠይቅም።

በአርባ አንደኛው ቀን ሐጂ ሙሐመድ ገቡ። ወጉን ጠብቀው ለስጦታ የሐር ሻሽ ይዘው ነበር። ጭኔ ላይ አኖሩልኝና ከኒካሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አዩኝ። እኔም አየኋቸው። በቅርብ ሳያቸው ካሰብኩት በላይ ያረጁ ሰው ናቸው።

«ኸይራት» አሉኝ።

«አቤት አባባ።»

«አርባው ሞላ። አሁን ቤትሽ ተቀመጪ። ሕግ ሕግ ነው።»

«እሺ አባባ። እርስዎ ካሉ እዚህ አልጠቀልልም።» ቀሰሜን አስቀመጥኩና ተነሣሁ። «ከመንገዱ ማዶ እጠቀልላለሁ። ዘመኑ የነፃነት ነው ብለውን የለም? የፈለገ ይሠራል፣ ያልፈለገ ይሄዳል።»

ፋንታነሽ ተነሣች። ጥሩአየሁ ተነሣች። ከዚያ ማንም ባል ይኖራታል ብሎ ያላሰባት፣ ከሁላችንም ዝምተኛዋ ይርጋነሽ ተነሣች፤ እሷም ኖሯት። ቀጥሎ ሁለት ሌሎች።

ሐጂ ሙሐመድ ከአሥራ ሁለታችን የቀሩትን ተቀማጮች አዩ። የሞጣ ገበያ ከነገ ወዲያ ነበር። ብዙ ጊዜ ቆሙ፤ እንደ ነጋዴ የሚያስቡ ሰው ስለሆኑ ሐሳባቸው በፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር።

«ነገስ ትመጫለሽ?» አሉኝ በመጨረሻ።

«በሩ ካልተቆለፈ እመጣለሁ።»

ወጡ። ቁልፉንም ይዘውት ሄዱ፤ ከዚያ ቀን በኋላ አላየነውም።

ምሳ ሰዓት ሐምዱ ሳህኑን ይዞ መጣ። ደፉ ላይ ጎኑ ተቀምጬ የሆነውን ነገርኩት። እየሳቀ ጉልበቱን መታ።

«ምን ያስቅሃል?» አልኩት። «ክፍያው አንድ ሳንቲም አልጨመረም። ብናኙም እዚያው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በገዛ ቤቴ፣ በፀሐይ፣ በገዛ እጄ ጥበብ ነበር የምኖረው። ዛሬ ያገኘሁት ነገር ቢኖር ባል እያለኝ ማሳል ነው።»

ሳቁን ተወ። አልተከራከረኝም፤ ምንም አይደለም፣ ያልፋል አላለኝም። እውነቴን እንደሆነ ያውቃል።

«አዎ» አለ። «ይሄው ነው ያገኘሽው።»

እጄ በሙቅ ደርቆ አልታጠፍ ብሎኝ ነበር። ሐምዱ እንጀራውን ጠቅልሎ ወደ አፌ አቀረበ። ሴቶቹ ሁሉ ያዩናል፤ በሩ ክፍት ነው። ሙሽራ በሰው ፊት ከባሏ እጅ አትጎርስም፤ እኔ ግን ርቦኝ ስለነበር ጎረስኩ።